ከደጅ ጥናት እስከ መድን ካርድ

በ15ኛው ክፍለ ዘመን ደብረ ብርሃን ላይ ወረርሽኝ ገባ። የዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዜና መዋዕል እንደሚተርከው ሟቹ ከመብዛቱ የተነሳ ቀባሪ እስኪጠፋ ደረሰ፤ ንጉሡም ቤተ ቂርቆስ የተባለ ቤተ ክርስቲያን አሠሩ። ለበሽታ የመንግሥት መልስ በዚያ ዘመን ጸሎት ነበር። ከዚያ በላይ የሚጠብቅም አልነበረም።

አራት መቶ ዓመት ገደማ ቆይቶ የፈረንጅ መድኃኒት አንኮበር ደረሰ። በ1833 ዓ.ም. ክረምት በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ ልዑክ ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ሲመጣ ሐኪም ይዞ ነበር። በምኒልክ ጊዜ ደግሞ ጣሊያኖች አንኮበር አጠገብ ልጥ ማረፊያ ላይ የምርምር ጣቢያ ከፈቱ፤ ከመሩት ሰዎች መካከል ራጋዚና ትራቨርሲ ሐኪሞች ነበሩ። ሕዝቡ ኮሶው፣ ጠበሉና የአገር መድኃኒት አዋቂው ነበሩለት። የፈረንጁን መድኃኒት የፈለገ ግን ወይ ለንጉሡ ቅርብ መሆን፣ ወይ ደጅ መጥናት ነበረበት። መድኃኒት ችሮታ እንጂ መብት አልነበረም።

በ1951 ዓ.ም. የጤና ግብር ታወጀ። ገበሬው ከመሬቱ ጋር በተያያዘ ስሌት ለጤናም መክፈል ጀመረ። ሐኪሙና ሆስፒታሉ ግን በአብዛኛው ያሉት ከተማ ነው። ከፋዩ ገጠር፣ ታካሚው ከተሜ!

ይህን ታሪክ ይቀይራል የተባለው በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ነው። ከአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈርና ተሁለደሬ ነበሩበት፤ ቆይቶ ሰሜን ሸዋም ደረሰ። ሐሳቡ ለእድርተኛ አገር እንግዳ አይደለም፦ ሁሉም በዓመት ያዋጣል፣ የታመመው ይታከማል፣ የደኸየውን መዋጮ መንግሥት ይሸፍናል። እድር ለሞተ፣ መድን ለታመመ። ለመጀመሪያ ጊዜ የአንኮበር ገበሬ «ከፍያለሁ፣ አክሙኝ» የሚልበት ካርድ ያዘ።

ዛሬስ? ካርዱ አለ፣ ወረፋው አለ፣ ማዘዣው ይጻፋል። ከዚያ «መድኃኒቱ የለም፣ ከውጪ ግዙ» ይመጣል። ምክንያቱ አንድ ብቻ አይደለም። መድን የሚከፍለው ጤና ተቋሙ ካከመ በኋላ ነው፤ ክፍያው ሲዘገይ ተቋሙ መድኃኒት የሚገዛበት ገንዘብ ያጥረዋል። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ተወደደ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልሉ የዘለቀው ግጭት ደግሞ መንገዱን ይዘጋል፤ መድኃኒትም ታካሚም መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ብር ያለው የግል ፋርማሲ ይሄዳል። የሌለው «እዚያ የምታውቀው ሰው አለ?» ብሎ መጠየቅ ይጀምራል። እስቲ ይህን ጥያቄ ልብ በሉት፤ በአንኮበር ቤተ መንግሥት በር ላይ ይጠየቅ ከነበረው በምን ይለያል?

አደጋው እዚህ ጋ ነው። ከፍሎ ያላገኘ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። መጀመሪያ የሚወጣው ጤነኛው ነው፤ የሚቀሩት አብዝተው የሚታመሙት ናቸው። መዋጮው ያንሳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ መደርደሪያው ይብስ ባዶ ይሆናል። ጎረቤታችሁ ካርዱን ያላደሰው ለምን እንደሆነ ጠይቁት። «ከፍዬ ምን አገኘሁ?» ካላችሁ፣ ስለ መድን ጥቅም የሚሰጥ ቅስቀሳ አይመልሰውም። የሚመልሰው በካርዱ የሚያገኘው መድኃኒት ነው።