የውሃ ጥበቃና የሴቶች ድርሻ በመንዝ

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ደጋ፣ የውሃ ነገር ከጓሳ ይጀምራል። ጓሳ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ውርጫማ የሣር ምድር ነው። ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለገሳ የሚታጨደው የጓሳ ሣር ዝናቡን ይዞ ቀስ እያለ ወደ አፈሩ ያሰርጋል። ከዚያ የሚመነጩት ጅረቶች ከፊሎቹ በጀማ ወንዝ በኩል ዓባይን፣ ከፊሎቹ ወደ ምሥራቅ ወርደው አዋሽን ይቀላቀላሉ።

ቦታውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የጠበቀው ቄሮ የተባለው ሥርዓት ነው፤ መነሻው አስቦና ጌራ ከተባሉት አቅኚ አባቶች ይቆጠራል። ሣሩ ለዓመታት ይከለከል፣ በበጋ ይከፈትና ይታጨድ ነበር፤ ሐምሌ አቦ ሲደርስ ሰውም ከብትም ለቆ ይወጣ ነበር። ደንቡን የጣሰ በብርቱ ይቀጣ ነበር። በአማራ የርስት ልማድ ሴት ልጅም ወራሽ ብትሆንም፣ የቄሮ ሹመት የወንዶች ነበር። ስለ ጓሳ ሲነገር ይህ ጉድለት ብዙ ጊዜ ይታለፋል።

ውሃውን በየዕለቱ የሚያውቁት ግን ቀጂዎቹ ሴቶች ናቸው። የትኛው ምንጭ በጥር እንደሚሳሳ፣ የትኛው እስከ ግንቦት እንደሚዘልቅ፣ ባሕር ዛፍ የተተከለበት ምንጭ እንዴት እንደሚመነምን ለይተው ያውቃሉ። የምንጩን አፍ ይጠርጋሉ፤ የሚጠጣውን ውሃ ከከብት ማጠጫው ይለያሉ። ጠበል በሆነው ምንጭ ልብስ አይታጠብም። ማገዶውም የእነርሱ ሸክም ነው፤ ዛፍ በሚያንስበት ደጋ ኩበትና ጨረንፌ የተባለውን ቁጥቋጦ ይለቅማሉ። ቁጥቋጦው ከሥሩ ከተነቀለ አፈሩ ይታጠባል፣ ምንጩም ይደርቃል። ስለዚህ የማገዶው ቆጣቢ የምንጩም ጠባቂ ናት፤ ይህ ዕውቀት ከእናት ወደ ልጅ የሚያልፈው በሥራ ላይ ነው።

የ1967ቱ የገጠር መሬት አዋጅ ርስትን ሲሽር ቄሮም ፈረሰ፤ ጓሳውም ተጎዳ። ኋላ ነዋሪው ጥበቃውን በኮሚቴ መልሶ አደራጀ፤ ጓሳም የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆነ። ለሴቶችም፣ በአማራ ክልል የባልና ሚስት የመሬት ይዞታ ደብተር በሁለቱም ስም መሰጠቱ፣ ሚስት ምንጭና እርከን ስላለበት መሬት የምትናገርበትን ሕጋዊ መሠረት አስገኝቷል። በገጠር የውሃ ኮሚቴዎችም ሴቶች በአባልነት፣ በተለይ በገንዘብ ያዥነት ይመረጣሉ፤ ሊቀመንበርነቱ ግን ገና በአብዛኛው በወንዶች እጅ ነው።