ቆሼ የተናደ ሳምንት፣ ከእሳት አደጋ ሠራተኛ ቤት ሲታይ

«እሳት አደጋ» የሚለው ስም የሥራውን ግማሽ ብቻ ነው የሚናገረው። በ939 የሚጠራው ሠራተኛ ጉድጓድ የገባ ሰው ያወጣል፣ ጎርፍ የወሰደውን ይፈልጋል፣ አፈር የተጫነውን ይቆፍራል። እኛ ሚስቶቹ የዋለበትን የምናውቀው ከልብሱ ነው። ጭስ ጭስ ካለ እሳት ነበር፤ ጭቃ ከያዘ ወንዝ። በክፍለ ከተማችን ግን ልብሱ ሌላ ነገር የሸተተበት ሳምንት አለ።

ቆሼ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የአዲስ አበባ ቆሻሻ ሲደፋበት የኖረ፣ ወደ 36 ሄክታር የሚጠጋ ቦታ ነው። በ2008 ሰንዳፋ ላይ አዲስ መድፊያ ተከፍቶ ነበር። የአካባቢው አርሶ አደሮች ተቃወሙ፤ በወራት ውስጥም ተዘጋ። (እነሱን አልወቅስም፤ በደጁ ቆሻሻ ሲደፋ ዝም የሚል ማን አለ?) መኪኖቹም ተመልሰው ወደ እኛ መጡ። ቅዳሜ መጋቢት 2 ቀን 2009 ማታ ክምሩ ተናደና ሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ። ከ110 በላይ ሰው ሞተ፤ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ።

ፍለጋው ግን በአንድ ሌሊት የሚያልቅ አልነበረም። ስካቫተሩ ይዝቃል፣ የሰው ምልክት ሲታይ ይቆማል፣ ከዚያ በአካፋና በእጅ ይቀጠላል። የሟቾቹ ቁጥር በየቀኑ ሲጨምር የሰማነው ለዚህ ነው። ባለቤቴ ወደ ቤት ሲመጣ ልብሱን በር ላይ አውልቆ ይገባል። በበረኪና ሁለት ጊዜ አጥቤ ውጭ ባሰጣውም ሽታው አልለቀቀም። ወቅቱ ሁዳዴ ነበር፤ ሽሮውን አቀርባለሁ፣ እንዳለ አነሳለሁ። ትንሿ ልጃችን ስትሮጥ ስትመጣ እጁን ወደ ኋላ ይሸሽግ ነበር። ምን እንዳየ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም።

በዚያው ሳምንት ዕድራችን ድንኳን ጣለ። የቆሼ ሰው የሩቅ ሰው አይደለም፤ በገበያም በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም እንገናኛለን። እኔም ከሴቶቹ ጋር ንፍሮ ስቀቅል፣ ውሃ ሳቀርብ ሰነበትኩ። አንዲት እናት፣ የባለቤቴን ሥራ ስለምታውቅ፣ እጄን ይዛ «እህቴ፣ የኔዋን አግኝተዋታል ወይ? ምንም አልነገረሽም?» አለችኝ። ቤቴ ገብቶ ስለተኛው ሰው ነበር የምትጠይቀኝ። «እግዜር ያውቃል» ከማለት በቀር የምመልሰው አልነበረኝም።

ዕድር በዚህች ከተማ የቆየ ነው። ከየገጠሩ የመጣ ሰው ቀባሪ እንዳያጣ ብሎ ያቆመው ማኅበር፣ ለለቅሶ ያለው ሥርዓት ዛሬም ጽኑ ነው፤ ድንኳኑ፣ ወንበሩ፣ ሦስት ቀን መቀመጡ። ሆኖም ሕጉ የተጻፈው ለሞተና ለሞተበት ሰው ነው። የሌላውን ሬሳ ሲያወጣ ውሎ ለሚመጣ ሰው የሚሆን አንቀጽ በማንም መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ አላየሁም። እሱን የሚያስተዛዝነው ቤቱ ነው፤ ቤቱን ደግሞ ጎረቤት፣ ከሰዓት በኋላ በቡና። እኔን ያን ሰሞን ያቆሙኝ ሦስት ሴቶች ናቸው። ጀበናውን እነሱ እየጣዱ፣ ልጆቹን እነሱ እየያዙ።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ወሬው የሚደርስበት ፍጥነት ነው። ሰኞ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ማታ መርካቶ ሸማ ተራ ሲቃጠል፣ መንገዱ ጠቦ መኪኖቹ እንደልብ መግባት ሲቸገሩ፣ እኛ እሳቱን በስልካችን እያየን ነበር። ባልሽ ያለበትን ነበልባል ከነድምፁ ማየት ከመጠበቁ ይከፋል። እሱ እስኪደውል ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

የወረቀቱን ነገር ሳልጽፍ አላልፍም። የመንግሥት ሠራተኛ ባል ሲሞት ለሚስት የሚደርሳት የጡረታው ግማሽ ነው፤ ለዚያም መጀመሪያ የሚጠየቀው ሚስትነቷ ነው። ብዙዎቻችን በሽማግሌ የተጋባን ነን። በ1992 የወጣው የቤተሰብ ሕግ፣ የምስክር ወረቀት ለሌላት ሴት እንደ ባልና ሚስት መኖራቸውን በምስክር የምታስረዳበት መንገድ ትቶላታል። ግን ያ መንገድ በፍርድ ቤት በኩል የሚያልፍ ነው፣ ገና ከል ሳይወልቅ። ባለቤቴና እኔ ወረዳ ሄደን የተመዘገብነው ከቆሼ በኋላ፣ በአንዱ የእረፍት ቀኑ ነው። መዝጋቢዋ ልጅ ስንት ዓመት አብረን እንደኖርን ስትሰማ ሳቀች።