የድምፅ ንባብ

በድረ ገጽ ላይ የሰፈረን ጽሑፍ ስልክ ወይም ኮምፒውተር በሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰማ የሚያደርገው አሠራር ዓይነ ስውራንን፣ ዓይናቸው የደከመ አረጋውያንንና ፊደል ያልቆጠሩ ሰዎችን እንደሚያገለግል እየታወቀ ቢመጣም፣ በስልኮች የአማርኛ ምርጫ ውስጥ የተሰጠው «ጽሑፍ-ወደ-ንግግር» የሚል ስም በሰረዝ የተሰፋ የባዕድ ሐረግ ነው። «ወደ» የሚጠይቀው ግስ ተቆርጦበት ተንጠልጥሏል፤ «ንግግር» ደግሞ ተናጋሪው ከራሱ አመንጭቶ የሚያሰማው እንጂ የሌላው ቃል ከገጽ ላይ ሲነሣ የሚጠራበት አይደለም።

ከተፎካካሪዎቹ መካከል «አስነባቢ» ሥሩ ቢያምርም፣ «ጋዜጣው አስነበበ» ከሚለው ልማድ ጋር ይምታታል፤ «ድምፃዊ ንባብ» ደግሞ ዘፋኝ ያስታውሳል። የሚሻለው «የድምፅ ንባብ» ነው። በግዕዝ «ነበበ» ማለት ተናገረ ማለት በመሆኑ ንባብ ከጥንቱ ድምፅ ያለው ቃል ነው፤ «የድምፅ» የሚለው ዘርፍ ያስፈለገውም ዛሬ ዝም ብሎ በዓይን ማንበብ ስለተለመደ ብቻ ነው። አፋን ኦሮሞም በዚሁ መንገድ ሄዷል፤ ማንበብን የሚገልጸው «ዱቢሱ» ነገር ወይም ንግግር ከሚባለው «ዱቢ» የወጣ ሲሆን፣ ሰውን ማነጋገር ማለትም ይሆናል። በገጹ ላይ ለሚጫነው ምልክት «አንብብልኝ» እንዳይባል ትእዛዙ ለወንድ ብቻ ነውና፣ የምስክርነት ቃሉን የሰጠ ሰው ከመፈረሙ በፊት የሚጠይቀው «ይነበብልኝ» ይበቃል።

ስያሜው ቢቃናም ሥራው በፊደሉ ጠባይ ይፈተናል፤ የግዕዝ ፊደል መጥበቅንና መላላትን ስለማያሳይ፣ «አለ» ሲላላ ተናገረ፣ ሲጠብቅ ይገኛል ማለት መሆኑን መሣሪያው ከዐውዱ መለየት አለበት። ከ1984 ዓ.ም. ወዲህ አፋን ኦሮሞ የሚጻፍበት ቁቤ ግን የሚጠብቀውን ተነባቢና የሚረዝመውን አናባቢ ደርቦ ስለሚጽፍ ለመሣሪያው ይቀላል። ተርጓሚው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር የደከሙበትና እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመው የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል የተጻፈ ነውና፣ ያ ጽሑፍ በድረ ገጽ ቢወጣና «ይነበብልኝ» ቢባል፣ መሣሪያው የሚሰናከለው በአማርኛው በሚሰናከልበት ቦታ ይሆናል።