የባህላዊ ጭፈራ ትምህርት በኢትዮጵያ

የባህላዊ ጭፈራ ትምህርት የየአካባቢውን ጭፈራ ለልጆችና ለአዋቂዎች የማስተላለፍ ሥራ ነው። በኢትዮጵያ በሁለት መንገድ ይካሄዳል፦ በማኅበረሰቡ ውስጥ በማየትና በመቀላቀል፣ እንዲሁም በቲያትር ቤትና በባህል ቡድን በአሰልጣኝ አማካኝነት። ሁለቱ መንገዶች አንዱን ጭፈራ በተለያየ መልክ ያስተላልፋሉ።

በማየት መማር

በአርሲ ደጋ፣ በአሰላና በአርሲ ሮቤ አካባቢ (ይህች ሮቤ ከባሌ ሮቤ የተለየች ናት)፣ ልጆች ጭፈራን በዋናነት የሚማሩት በሠርግና በበዓል ነው። ልጅ መጀመሪያ ከዳር ቆሞ ያያል፤ ቀጥሎ እያጨበጨበ ዘፈኑን ይቀበላል፤ ሲደፍር ወደ መሃል ይገባል። የአርሲ ጭፈራ በተለይ በአንገትና በራስ እንቅስቃሴ ይታወቃል።

በዚህ መንገድ የሚማር ሰው ከእንቅስቃሴው ጋር ጭፈራው መቼና በማን እንደሚጨፈርም ያውቃል። ለምሳሌ ሲንቄ ሴት ልጅ ስታገባ ከእናቷ የምትቀበለው በትር ነው። ሴቶች በአቴቴ ሥርዓት ይዘውት ይወጣሉ እንጂ የጭፈራ ማስዋቢያ ብቻ አይደለም።

የመድረክ ሥልጠና

በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር ባህላዊ ውዝዋዜን የመድረክ ሙያ አደረጉት። በደርግ ዘመን የኪነት ቡድኖች በየቀበሌው ተስፋፉ። በ1980 ዓ.ም. ወደ ውጭ አገር የተጓዘው የሕዝብ ለሕዝብ ቡድንም የተለያዩ ብሔረሰቦችን ጭፈራ በአንድ ትርዒት አቀረበ።

አንድ የመድረክ ተወዛዋዥ የትከሻ እስክስታን፣ ፈጣኑን የጉራጌ የእግር ምት፣ የወላይታን የወገብ እንቅስቃሴና የሐረርጌን ሸጎዬ ሁሉ መቻል ይጠበቅበታል። ስለዚህ አሰልጣኝ እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ነጥሎ ቀስ ብሎ ያሳያል፣ ከዚያ በከበሮ ያፋጥነዋል። ዘዴው ጭፈራውን አይቶ ለማያውቅ የከተማ ልጅ በሩን ይከፍታል። በሌላ በኩል ሰዓታት የሚፈጀው የሠርግ ጭፈራ ወደ ጥቂት ደቂቃ ያጥራል፣ በቦታው የሚፈጠረው ግጥም ይቀራል፣ የሁሉም ተወዛዋዥ እንቅስቃሴ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ማኅበራዊ ፋይዳ

እ.ኤ.አ. በ1996 እንግሊዛዊው ሮይስተን ማልዱም በአዲስ አበባ የጎዳና ልጆችን ዳንስ አስተማረ። ከዚህ ሥራ አዱኛ የተባለው የዳንስ ቡድን ተመሠረተ፤ በኋላም አካል ጉዳተኞችን ያካተተ ቡድን አቋቋመ። ከአዱኛ የወጡት ጁነይድ ጀማል ሰንዲና አዲሱ ደምሴ ዴስቲኖ የተባለውን የዳንስ ቡድን መሥርተዋል። ሥልጠናው ዘመናዊ ዳንስ ላይ ያተኮረ ቢሆንም፣ የዳንስ ትምህርት መተዳደሪያ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ጥናት

የሀንጋሪ ተመራማሪዎቹ ጂዮርጂ ማርቲንና ባሊንት ሻሮሺ እ.ኤ.አ. በ1965 በኢትዮጵያ የጭፈራና የሙዚቃ ጥናት አካሄዱ። ቲቦር ቫዳሲም ከ1970 ጀምሮ ስለ ኢትዮጵያ ጭፈራ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጽፏል። እንዲህ ያሉ ሥራዎች ጭፈራው ከመድረክ ውጭ የነበረውን መልክ ለማነጻጸር ይጠቅማሉ።

ከአየርላንድ ጋር ሲነጻጸር

ተመሳሳይ ለውጥ በአየርላንድ ታይቷል። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተዘዋዋሪ የዳንስ መምህራን ከመንደር መንደር እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1893 የተመሠረተው የጌሊክ ሊግ ጭፈራውን የብሔራዊ ባህል መገለጫ አድርጎ አስፋፋው፤ ቆይቶም የመምህራን ፈተናና የውድድር ደንብ ወጣ። በ1994 በደብሊን የቀረበው ሪቨርዳንስ ጭፈራውን በዓለም አስተዋወቀ። ደንቡ ትምህርቱን ከአየርላንድ ውጭ ለማዳረስ ሲረዳ፣ የየአካባቢው ልዩ አጨፋፈር ግን እንዲደበዝዝ አድርጓል።