ሁለት ጊዜ የተመለሰው መልእክተኛ

ዲክሲስ ብርዷ ከባድ ነው። በስንዴው አጨዳ ሰሞን ቀኑ ፀሐይ ቢሆንም፣ ሲመሽ ሰው ሁሉ ወደ ምድጃው ይሰበሰባል። ከዓመታት በፊት በአንድ እንዲህ ባለ ምሽት፣ አብሮን ወንጌል ይመሰክር የነበረ ወንድም እሳቱን እየቆሰቆሰ አንድ ጥያቄ ጠየቀን። ይህ ወንድም ወድቆ፣ ለወራትም ከቅዱሳን ኅብረት ርቆ፣ በኋላ ንስሐ ገብቶ የተመለሰ ነበር። «ፓስተር፣ ጌታ ይቅር እንዳለኝ አምናለሁ። ግን ከእንግዲህ ስለ ኢየሱስ ለሰው ብናገር ማን ይሰማኛል?» አለን።

እኛም «አንተ አርፈህ ተቀመጥ፤ መጥተህ ማምለክህ ይበቃል» አልነው። ለእርሱ ማዘናችን መስሎን ነበር። ወንድማችንም ቃላችንን ሰምቶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ከኋላው ወንበር አልተነሣም። መልሳችን ስህተት እንደ ነበረ የገባን ቆይተን፣ የኦነሲሞስ ነሲብን ታሪክ ለወጣቶች ለማስተማር ስናጠና ነው። ዛሬ ይህን ታሪክ ለእናንተም ልናካፍላችሁ ወደድን። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ተሸጦ የተቤዠ ልጅ

ኦነሲሞስ በ1850ዎቹ አጋማሽ በኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አጠገብ ተወለደ። ወላጆቹ ያወጡለት ስም ሂካ ነው፤ በኦሮምኛ «ተርጓሚ» እንደ ማለት ነው። አባቱ ገና በሕፃንነቱ ሞተበት። እርሱም በልጅነቱ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ወደቀ፤ ከጌታ ወደ ጌታ እየተሸጠ ምፅዋ ደረሰ። እዚያ በ1870 ቬርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነጻ አወጣውና ለስዊድን ወንጌላውያን ሚሲዮን ሰጠው።

ልጁ ተማረ፣ ኢየሱስን አመነ፣ በ1872 በትንሣኤ በዓል ተጠመቀ። የተጠራበት የጥምቀት ስም ኦነሲሞስ ሆነ። ወደ ፊልሞና የተላከውን መልእክት ያነበበ ስሙን ያውቀዋል፤ ከጌታው ኮብልሎ የነበረ፣ ቀድሞ የማይጠቅም ኋላ ግን የሚጠቅም የሆነ ሰው ስም ነው። ሚሲዮኑ ወደ ስቶክሆልም ልኮት በዮሐነሉንድ ለአምስት ዓመት ነገረ መለኮት አጠና። በ1881 ሲመለስ በልቡ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወደ ተወሰደበት አገር ሄዶ ለገዛ ሕዝቡ ወንጌልን መንገር።

ሁለቱ የተዘጉ መንገዶች

በዚያ ዘመን የውጭ ሚሲዮናውያን በመሐል አገር አልፈው ወደ ኦሮሞ ምድር እንዲገቡ አይፈቀድም ነበር። ስለዚህ ጉዞው በሱዳን በኩል ታሰበ። ኦነሲሞስና ጓደኞቹ ከምፅዋ ተነሥተው፣ በሱዋኪን አድርገው፣ ዐባይን ይዘው ወደ ላይ ሄዱ። ድንበሩ አካባቢ ደርሰው ግን ወደ ኋላ ለመመለስ ተገደዱ። ኦነሲሞስን ወባ መሰል ትኩሳት ጣለው። ሚያዝያ 1882 ካርቱም ሲደርሱ የማህዲው ዐመፅ ተቀስቅሶ ነበር። በብዙ ጭንቅ አልፈው ምፅዋ አጠገብ ወዳለችው እምኩሉ ተመለሱ።

በ1886 እንደ ገና ሞከሩ። በዚህ ጊዜ በሸዋ በኩል መጥተው እንጦጦ ደረሱ። እቴጌ ጣይቱ በኦነሲሞስ ዕውቀት ተደነቁ ይባላል። ዳግማዊ ምኒልክ ግን ወደ ወለጋ እንዲያልፉ አልፈቀዱም። ያ ሁሉ መንገድ ተደክሞበት፣ እንደ ገና ወደ ባሕሩ ዳር መመለስ ሆነ።

ወገኖች ሆይ፣ እስቲ እናስበው። አንድ ሰው ለዚህ ሥራ ብሎ ባሕር ማዶ አምስት ዓመት ተምሮ፣ ሁለት ጊዜ ሄዶ፣ ሁለት ጊዜ ባዶ እጁን ሲመለስ! «ጥሪዬ ይሆን የተሳሳተው?» ብሎ ለመቀመጥ በቂ ምክንያት ነበረው።

የኦነሲሞስ መመለስ ኃጢአት እንዳልነበረ እናውቃለን፤ የጴጥሮስ ክሕደት ግን ኃጢአት ነው። ሁለቱን አናምታታም። ከሽንፈት በኋላ የሚመጣው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ «ከእንግዲህ ለማን እጠቅማለሁ?» የሚል ነው።

ተማሪ የሆነው መምህር

ኦነሲሞስ እምኩሉ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መተርጎም ጀመረ። እዚህ ላይ ሌላ ጉድለት ተገለጠበት። ከአፍ መፍቻ ቋንቋው የተለየው ገና ልጅ ሳለ ነው። ስዊድንኛውንና ነገረ መለኮቱን ያውቃል፤ እናት ልጇን የምታጫውትበት፣ ሽማግሌ ነገር የሚቋጭበት የበሰለ ኦሮምኛ ግን አጠረው። ለሕዝቡ የተላከው ሰው የሕዝቡ ቋንቋ ጎደለው።

እግዚአብሔርም ረዳት አዘጋጀለት። አስቴር ጋኖ እንደ እርሱ በባርነት ተሸጣ፣ እንደ እርሱ ነጻ ወጥታ፣ በእምኩሉ ትምህርት ቤት የገባች ወጣት ናት። በልጅነቷ የሰማችውን ቋንቋ አልረሳችውም። ቃላቱን እየሰበሰበች፣ ተረቱንና ምሳሌውን እየጻፈች አቀረበችለት፤ ለመዝገበ ቃላቱም ብዙ ቃላት ሰበሰበች። በአውሮፓ የተማረው ሰው ከአንዲት ነጻ ከወጣች ልጃገረድ እግር ሥር ተቀምጦ የገዛ ቋንቋውን ተማረ ማለት ነው።

አዲስ ኪዳን በ1893 እምኩሉ ላይ ታተመ። በማግሥቱ ዓመት ሁለቱ ያዘጋጁት የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ወጣ። ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በግዕዝ ፊደል ተጽፎ በ1899 በስዊዘርላንድ፣ በቅዱስ ክሪሾና ታተመ። ኦነሲሞስ ያሰበው በእግሩ ሄዶ ለሚያገኛቸው ሰዎች መናገር ነበር። መንገዱ ሲዘጋበት የሠራው ሥራ ግን እግሩ ፈጽሞ ለማይረግጠው አገር ሁሉ ተረፈ።

አንዱ አገር የእኛው አርሲ ነው። ኦነሲሞስ ከእንጦጦ በተመለሰበት በዚያው በ1886፣ በአርሲ ምድር የአዙሌ ጦርነት ተደርጎ እጅግ ብዙ ሰው አልቋል። ለብዙ የአርሲ አባቶች «ክርስቲያን» የሚለው ቃል የደረሳቸው ከጠመንጃ ጋር ነው። ይህን ሳያውቅ በአርሲ ወንጌል የሚሰብክ አገልጋይ፣ ሰው ለምን ፊቱን እንደሚያዞርበት አይገባውም። እኛ ግን በዲክሲስ አንድ አዛውንት መጫፈ ቁልቁሉ ሲነበብላቸው ቀና ብለው «ይህ የእኛ አነጋገር ነው እኮ!» ሲሉ አይተናል። አንዳንዱ ቃል የወለጋ ቢሆንባቸውም ቋንቋው የእናታቸው ነው። ያ ቃል ያለ ጠመንጃ የመጣው ሁለት ጊዜ በተመለሰ ሰው እጅ በተጀመረ ሥራ ነው።

መጨረሻው

በ1904 ለኦነሲሞስ መንገዱ ተከፈተ። አስቴርም መጣች። በደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር፣ በቀድሞ ስማቸው ኩምሳ ሞረዳ፣ ግዛት በነቀምቴ ተቀምጦ ሕዝቡን በኦሮምኛ ማስተማር ጀመረ። ፈተናው ግን አላለቀም። በ1906 በአቡነ ማቴዎስ ፊት ተከስሶ እንዲባረር ተፈረደበት። ምኒልክ ፍርዱን አሻሽለው ወደ ነቀምቴ እንዲመለስ ቢፈቅዱም፣ እንዳይሰብክ ታዘዘ። እንደ ገና የተዘጋ በር! እርሱ ግን ትምህርት ቤቱን ያዘ፤ ልጆችን ማንበብና መጻፍ አስተማረ። በ1916 ልጅ ኢያሱ እንዲያስተምር ፈቀዱለት። በ1931 እስኪያንቀላፋ ድረስ እዚያው አገለገለ።

ወደ ፍሙ እንመለስ

ዮሐንስ በወንጌሉ ሁለት የፍም እሳቶችን ጽፎልናል። በአንዱ ዳር ጴጥሮስ እየሞቀ ጌታውን ካደ (ምዕራፍ 18)። ሁለተኛውን ኢየሱስ ራሱ በባሕሩ ዳር አንድዶ ለጴጥሮስ ቁርስ አዘጋጀለት (ምዕራፍ 21)። በዚያ እሳት ዳር ጌታ ሦስት ጊዜ ስለ ፍቅሩ ጠየቀው፤ ሦስት ጊዜም በጎቹን አደራ ሰጠው። ይቅርታውንና አደራውን አልነጣጠላቸውም። እንዲያውም ሉቃስ እንደሚነግረን፣ ጴጥሮስ ገና ሳይክድ ጌታ ጸልዮለት፣ ከተመለስህ በኋላ ወንድሞችህን አጽና ብሎት ነበር (22፥32)። ጌታ ውድቀቱን አስቀድሞ አውቆ፣ ከውድቀቱ በኋላ ያለውን ሥራም አዘጋጅቶለት ነበር።

እኛ በዲክሲሱ ምድጃ ዳር ለወንድማችን ይቅርታውን ነገርነው፤ አደራውን ግን ከለከልነው። የወደቀ አገልጋይ በማግሥቱ መድረክ ላይ ይውጣ ማለታችን አይደለም። መታነጽ ጊዜ ይፈልጋል፤ የበደለውን መካስ፣ በወንድሞች ሥር ሆኖ መታየት ይገባል። ሰውን ወደ ጌታ ማምጣት ግን መድረክ ብቻ አይደለም። ኦነሲሞስ መንገዱ ሲዘጋ ለመማር ዝቅ አለ፤ ወደ ሰው ልብ የሚያደርሰውን ቃልም በዚያ አገኘ። ወድቆ የተነሣ ሰውም እንዲሁ ጆሮው ይከፈታል። ጎረቤቱ ሲያፍር ያውቅበታል። ከላይ ሆኖ አይናገርም፤ አጠገቡ ተቀምጦ ያደረገለትን ጌታ ይነግረዋል።

ባለፈው ጊዜ ወደዚያ ወንድም ቤት ሄደን ይቅርታ ጠየቅነው። ቡና ተፈልቶ ብዙ ሰዓት ቆየን። ይህን ታሪክም አጫወትነው። ሲጨርስ ዝም ብሎ ቆይቶ፣ «አንድ ጎረቤት አለኝ፤ እሱም እንደኔ ተሰብሯል። እስቲ ሄጄ ልጠይቀው» አለን። እኛም ከዚህ በላይ አልጠየቅነውም።

እናንተስ ወገኖች? ከኋላ ወንበር የተቀመጣችሁ፣ ወይም እንደ እኛ ሰውን ከኋላ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ጌታ ዛሬም በፍሙ ዳር ነው። ቀርበን እንስማው።

ጌታ ሆይ፣ የወደቀውን አንሣ። በጎችህን ለሰጠኸው ሰው «አይገባህም» ካልን ይቅር በለን። የተዘጋብንን መንገድ ለማናውቀው ሰው በረከት አድርገው። አሜን።