አጸዱ የሌለው አጸደ ሕፃናት

«ዐጸድ» በግዕዝ የታጠረ ስፍራ፣ የአትክልት ቦታ ማለት ነው። የወይን አትክልት «ዐጸደ ወይን» ይባላል። እንግዲህ «አጸደ ሕፃናት» ስንል የሕፃናት የአትክልት ቦታ ማለታችን ነው። ጀርመኖችም «ኪንደርጋርተን» ሲሉ የሚሉት ይህንኑ ነው። እስቲ ውድ አንባቢ፣ ልጅዎን በየማለዳው የሚያደርሱበትን ግቢ በዓይነ ኅሊናዎ ይቃኙት። ስሙ በሩ ላይ ተጽፏል፤ አትክልቱስ የት አለ?

ስሙን ያወጣው ፍሪድሪኽ ፍሮቤል የተባለ ጀርመናዊ መምህር ነው። በ1840 እ.ኤ.አ. ባድ ብላንክንቡርግ በምትባል ትንሽ ከተማ ይመራው ለነበረው የሕፃናት ተቋም ይህን ስም ሲሰጠው ለማማር ብቻ አልነበረም። ሕፃኑ ችግኝ፣ መምህሩ አትክልተኛ ነው የሚለው ምሳሌ እንዳለ ሆኖ፣ በእሱ ዕቅድ ውስጥ እውነተኛ አፈርና እውነተኛ መደብ ነበረ። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ትንሽ መደብ ይኖረዋል፤ የግሎቹን መደቦች ደግሞ የጋራው መደብ ዙሪያቸውን ይከባቸዋል። ማኅበር ግለሰብን እንደሚያቅፍ ሕፃኑ ሳይሰበክ በዓይኑ እንዲያየው ነው። የፕሩሲያ መንግሥት ግን ነገሩ አላማረውም። በ1851 እ.ኤ.አ. አጸደ ሕፃናትን በሙሉ ከለከለ። ፍሮቤል በማግሥቱ ዓመት ሲሞት እገዳው እንደጸና ነበር፤ የተነሣው በ1860 ነው።

በ1907 እ.ኤ.አ. በሮም የድኾች ሰፈር የሕፃናት ቤት የከፈተችው ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪም ሕፃናት ተክልና እንስሳት እንዲንከባከቡ አጥብቃ መክራለች። ምክንያቷ ምርት አልነበረም። ዘር የዘራ ልጅ መጠበቅን ይማራል፤ ውሃ ካላጠጣ እንደሚደርቅበት ስለሚያውቅ ማንም ሳይቆጣው ያስባል። ዛሬ በሩቅ አገር ትምህርት ቤቶች ልብን የመሰብሰብ ልምምድ እየተባለ የሚሰጠውን ነገር አንድ ቡቃያ ያለ ሰባኪ ሲያስተምረው ኖሯል ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ስሙ ገባ፣ አጸዱ ግን መንገድ ላይ ቀረ። በ2002 ዓ.ም. የቅድመ መደበኛ ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍ ከወጣ በኋላ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውስጥ የተከፈቱት «ኦ ክፍሎች» ብዙ ሕፃናትን ከደጅ ወደ ትምህርት አስገብተዋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ይሁንና ወላጅም ሆነ መምህር የሚጠይቀው «ፊደል ቆጠረ ወይ?» ብቻ ሆነ። ሕፃኑ ሲቁነጠነጥ «ጸጥ በል!» ይባላል፤ ጸጥም ይላል። ነገር ግን የፍርሃት ጸጥታና የልብ ርጋታ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ዱላው ዞር ሲል አብሮ ዞር ይላል።

ታዲያ ርጋታን ከጀርመን መዋስ አለብን? ወደ ደቡብ እንውረድ። ከአዶላ ወደ ነገሌ ቦረና በሚወስደው መንገድ ላይ ወደራ ትገኛለች። የታሪክ መጻሕፍት የሚያነሷት በ1933 ዓ.ም. ሚያዝያና ግንቦት በደኗ ውስጥ በተደረገው ጦርነት ነው። እኛ ግን ዛሬ የምንፈልጋት በአቀማመጧ ነው። በስተጀርባዋ የጉጂና የጌዴኦ ደጋ አለ፤ በፊቷ የቦረና ቆላ ይዘረጋል። በደጋው የእንሰት ጓሮ አለ። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጅበታል፤ ገና ሲተከል ያየ ሕፃን ሲፋቅ የሚያየው ራሱም ካደገ በኋላ ነው። በመስከረም 2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው የጌዴኦ መልክዐ ምድር እንዲህ ባለ ትዕግሥት የተሠራ ነው።

በቆላው ደግሞ ጓሮው ጥጃ ነው። የቦረና ሕፃን የእንክብካቤን ሀሁ የሚቆጥረው ከጥጃ ጋር ነው። ቱላ በሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ዘንድ ጎልማሶች እየዘመሩ ውሃ ሲቀባበሉ፣ ከብቱ ሁሉ በተራው ሲጠጣ እያየ ያድጋል። ተራ መጠበቅን ከዚህ የበለጠ የሚያስተምር ክፍል አላውቅም። የገዳን ሥርዓት ያጠኑት አስመሮም ለገሠ እንደጻፉትም፣ ዳበሌ በሚባለው የመጀመሪያው እርከን ያሉ ሕፃናት በአክብሮት የሚያዙ እንጂ በቅጣት የሚገሩ አይደሉም።

«በቆላ ከተማ ውሃ ሳይኖር ምን አትክልት?» የሚል ጠያቂ ይኖራል። ጥያቄው ቀልድ አይደለም። በጥር 1966 ዓ.ም. በነገሌ የሰፈረው ጦር ያመፀው በምግብና በውሃ ነበር፤ የወታደሮቹ የውሃ መሳቢያ ተበላሽቶ ሳለ ከመኮንኖቹ ጉድጓድ እንዳይቀዱ ተከለከሉ። ሊያጣራ የመጣውን የምድር ጦር አዛዥ ይዘው የሚበሉትን አበሉት፣ የሚጠጡትን አጠጡት። የአብዮቱ አንድ ጫፍ የተመዘዘው ከዚያ ጉድጓድ ነው። በቅርቡም ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው የቦረና ከብት ረግፏል። ጥጃው ያለቀበት ሕፃን ቤተሰቡን ተከትሎ ከተማ ሲገባ የሚጠብቀው ጓሮ የሌለው ክፍል ከሆነ፣ ያጣው ከብቱን ብቻ አይደለም፤ አስተማሪውንም ነው።

መልሱም ከዚያው ከችግሩ ውስጥ ይገኛል። ለአንድ መደብ ጎመን ወይም ለአንድ የፓፓያ ችግኝ ሕፃናቱ እጃቸውን የታጠቡበት ውሃ ብዙ ይረዳል። እንዲያውም ውሃ በጀሪካን በሚገዛበት ከተማ አንዲት ጣሳ ውሃ ሳያፈስስ፣ እርምጃውን እየቆጠረ እስከ ችግኙ የሚያደርስ የአምስት ዓመት ልጅ በዚያች ደቂቃ ሐሳቡ ሌላ ቦታ ሊሆን አይችልም። ልብን መሰብሰብ ማለት ይኸው ነው። ችግኙ ቢደርቅም ትምህርት ነው፤ ልጁ እንደገና ይተክላል።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል። እኛ ግን እንቁላሉ ዛሬውኑ እንዲሮጥ እንፈልጋለን። ትምህርት ቤት ስንመርጥ ስለ እንግሊዝኛውና ስለ ክፍያው እንጠይቃለን። ከእንግዲህ አንድ ጥያቄ እንጨምር፤ «አጸዱ የታለ?» እንበል። መልስ ካጣን ወይ ግቢው ውስጥ አንድ መደብ ይቆፈር፣ ወይ ስሙ ከበሩ ላይ ይውረድ።