ከቆጮው ጎን ጎመን፦ የጓሮ አትክልት ለቤተሰብ ጤና በጌዴኦ

በጌዴኦ ዞን ጌደብ ወረዳ የምትገኘው ባንኮ ጎቲቲ ቀበሌ ስሟ በይበልጥ የሚነሳው በቡናዋ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ1 ሺህ 900 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚለማው የቀበሌዋ ቡና በውጭ ገበያ በራሱ ስም ተለይቶ እስከ መሸጥ ደርሷል። ይሁን እንጂ ቡናው በሚበቅልበት በዚያው ጓሮ ውስጥ እንሰት፣ ጎመን፣ ዱባ፣ ጎደሬና ቦሎቄ ማልማት የሚቻል ሲሆን፣ የቤተሰቡ ጤና ከቡናው ገቢ ባልተናነሰ ሁኔታ በእነዚህ ተክሎች ላይ የተመሠረተ ነው።

የጌዴኦ አርሶ አደር ዋንዛና ብርብራን የመሳሰሉ አገር በቀል ዛፎችን ከላይ፣ እንሰትንና ቡናን ከመካከል፣ ሌሎች የምግብ ሰብሎችን ደግሞ ከሥር አድርጎ በአንድ ማሳ የማልማት የቆየ ባህል አለው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የጌዴኦን ባህላዊ መልክዓ ምድር በመስከረም ወር 2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የመዘገበውም ይህንኑ ሥርዓት መነሻ በማድረግ ነው።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ መሠረት የዞኑ ሕዝብ ቁጥር 847 ሺህ 434 የነበረ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ላይ ወደ 700 የሚጠጋ ሰው ይኖር ነበር። መሬት እንዲህ በጠበበበት አካባቢ ከእያንዳንዷ የጓሮ ክፍል የሚገኘው ምግብ ምን ዓይነት እንደሆነ ማወቅና በአግባቡ መጠቀም ለአርሶ አደሩም፣ ለመንግሥት ሠራተኛውም አስፈላጊ ይሆናል።

እንሰት የሚሰጠውና የማይሰጠው

እንሰት ድርቅን በመቋቋም ረገድ የሚታወቅ፣ ለመድረስ በርካታ ዓመታት የሚፈልግና ቤተሰብ በቸገረው ጊዜ ሁሉ ቆርጦ የሚጠቀምበት ተክል ነው። ከእንሰት የሚዘጋጁት ቆጮና ቡላ በኃይል ሰጪነታቸው ከፍተኛ ግምት የሚሰጣቸው ሲሆኑ፣ ቆጮ በአሰርና በካልሲየም ይዘቱም ጠቃሚ ነው።

በሌላ በኩል ቆጮ ያለው የፕሮቲን መጠን እጅግ አነስተኛ ነው። ቫይታሚን ኤም ከቆጮ አይገኝም ለማለት ይቻላል። በመሆኑም ቆጮን ብቻውን ወይም በጨውና በሚጥሚጣ ብቻ የሚመገብ ሰው ሆዱ ቢሞላም ሰውነቱ የሚፈልጋቸውን ሰውነት ገንቢና በሽታ ተከላካይ ምግቦች አላገኘም ማለት ነው። ቆጮን ከጎመን፣ ከአይብ፣ ከባቄላ ወይም ከቦሎቄ ጋር አቅርቦ የመመገብ ልማድ በሳይንስም የሚደገፈው ይህንን ጉድለት ስለሚሞላ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት አንድ አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 400 ግራም አትክልትና ፍራፍሬ እንዲመገብ ይመክራል። ይህም እያንዳንዱ 80 ግራም የሚመዝን አምስት ድርሻ ሲሆን፣ አንዱ ድርሻ ከተቀቀለ ጎመን ሦስት ወይም አራት የሾርባ ማንኪያ ያህል ነው። በስሌቱ ውስጥ ድንች፣ ስኳር ድንችና ሌሎች ስታርች የበዛባቸው ሥራ ሥሮች እንደማይካተቱ ልብ ማለት ያስፈልጋል። ስለዚህ ቆጮና ጎደሬ በብዛት በሚበላበት ቤት እንኳን አትክልቱ ገና እንዳልተበላ ይቆጠራል።

በአገር አቀፍ ደረጃ በ2007 ዓ.ም. በተካሄደ ተላላፊ ያልሆኑ በሽታዎች መንስኤ ጥናት ይህንን መጠን የማይመገቡ አዋቂዎች ከ97 በመቶ በላይ ሆነው ተገኝተዋል። ችግሩ የገጠሩ ነዋሪ ብቻ አለመሆኑን ይህ አኃዝ ያመለክታል።

ጓሮ ውስጥ ያሉት አትክልቶች ጥቅም

ጎመን፦ የሐበሻ ጎመን መገኛው በአገራችንና በአካባቢዋ እንደሆነ የሚታመን ሲሆን፣ ቅጠሉ እየተቀነጠበ ለረጅም ጊዜ የሚያገለግለው የጉራጌ ጎመንም በብዙ የደቡብ አካባቢዎች ይለማል። ጎመን ሰውነት ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለውጠውን ቤታ ካሮቲን፣ ቫይታሚን ሲ፣ ቫይታሚን ኬ፣ ፎሌትና ካልሲየም ይሰጣል። ቫይታሚን ኤ ለዓይን ብርሃንና በሽታን ለመከላከል አስፈላጊ በመሆኑ እጥረቱ በሕፃናት ላይ ዳፍንት ያስከትላል፤ ሲብስም ዓይነ ስውርነትን ያመጣል።

ዱባና ካሮት፦ ቢጫና ብርቱካናማ ቀለማቸው የቤታ ካሮቲን ምልክት ነው። በወይና ደጋና በቆላ ቀበሌዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ በሐዋሳ ግብርና ምርምር ማዕከል የተለቀቁት ኩልፎና ቱላ የተባሉት ብርቱካናማ የስኳር ድንች ዝርያዎችም ለዚሁ ዓላማ ይውላሉ።

ቦሎቄና ባቄላ፦ ሥጋና ወተት ሁልጊዜ በማይገኝበት ቤት የፕሮቲን፣ የብረትና የአሰር ምንጭ ናቸው።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ቲማቲም፦ ምግብን ከማጣፈጣቸውም በላይ ቫይታሚንና ማዕድን ይጨምራሉ። ይሁንና ነጭ ሽንኩርት ለደም ግፊትም ሆነ ለሌላ በሽታ ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት የሚተካ ተደርጎ መወሰድ የለበትም።

ጎደሬ፦ ጥሩ የኃይል ምንጭ ነው። ጥሬው ወይም በሚገባ ያልበሰለው ጎደሬ በውስጡ ባለው የካልሲየም ኦክሳሌት ቅንጣት ምክንያት አፍንና ጉሮሮን ስለሚያሳክክ በደንብ መቀቀል አለበት።

በአሠራር ምክንያት የሚባክን ጥቅም

አትክልት በጓሮ መኖሩ ብቻውን በቂ አይደለም። በብዙ ቤቶች ጎመን ከተከተፈ በኋላ ይታጠባል፤ ለረጅም ሰዓት ከተቀቀለ በኋላም ውሃው ይደፋል። ቫይታሚን ሲና ፎሌት በውሃ የሚሟሙና በሙቀት የሚጎዱ በመሆናቸው በዚህ አሠራር አብዛኛው ጥቅም ከውሃው ጋር አብሮ ይፈሳል። ትክክለኛው መንገድ ቅጠሉን ሳይከተፍ ማጠብ፣ ከዚያ መክተፍ፣ በጥቂት ውሃ ክዳን ገጥሞ ለአጭር ጊዜ ማብሰልና የቀረውን ውሃ ከምግቡ ጋር መጠቀም ነው።

ቤታ ካሮቲን ከምግብ ወደ ሰውነት የሚገባው ቅባት ሲኖር ነው። ስለሆነም ጎመኑ ላይ አንድ ማንኪያ ዘይት ወይም ቅቤ መጨመር፣ ካልሆነም አቮካዶ አብሮ መመገብ ይበቃል።

በጎመንና በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት በቀላሉ ወደ ሰውነት አይገባም። ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ቃሪያ አብሮ መመገብ ይህንን ያግዛል። በአንፃሩ ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ከምግብ በኋላ ሲጠጡ የብረትን መመጠጥ በከፍተኛ ደረጃ ይቀንሳሉ። ቡና ከዕለት ኑሮ ጋር በተቆራኘበት አካባቢ ይህ ምክር ልዩ ትኩረት ይሻል። ምክሩ ቡናን መተው ሳይሆን ከምግብ በኋላ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያህል ማቆየት ነው። በተለይም ለነፍሰ ጡር እናቶችና የደም ማነስ ላለባቸው ሰዎች ይህች አንድ ሰዓት ትርጉም አላት። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 59 ወር ከሆነ ሕፃናት 57 በመቶ፣ በወሊድ ዕድሜ ላይ ካሉ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶ የደም ማነስ እንደነበረባቸው ይታወሳል።

ጎመን በብዛት በሚበላበትና አዮዲን በሚያንስበት አካባቢ የእንቅርት ሥጋት ይጨምራል። መፍትሔው ጎመኑን መቀነስ ሳይሆን አዮዲን ያለው ጨው መጠቀም ነው። በአገራችን ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ በ2003 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ጨው በክዳን ዕቃ ማስቀመጥና ወጡ ሊወርድ ሲል መጨመር አዮዲኑ እንዳይባክን ይረዳል። መጠኑ ግን ለአንድ አዋቂ በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም ከ5 ግራም መብለጥ የለበትም።

በጥሬው የሚበላ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም በንጹሕ ውሃ በሚገባ ካልታጠበ ለታይፎይድና ለወስፋት ያጋልጣል። ምግብ ከማዘጋጀትና ከመመገብ በፊት፣ እንዲሁም ከመጸዳጃ ቤት መልስ እጅን በሳሙና መታጠብ የአትክልትን ጥቅም ከጉዳቱ የሚለይ ልማድ ነው። ዋርፋሪን የተባለውን የደም መርጋት መከላከያ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች በጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የመድኃኒቱን ሥራ ስለሚነካ፣ የጎመን አመጋገባቸውን በድንገት ከመጨመር ወይም ከመቀነስ በፊት ሐኪማቸውን ማማከር አለባቸው።

የሕፃናት ጉዳይ

በ1992 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ከነበሩ ሕፃናት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የመቀንጨር ችግር ነበረባቸው። በ2008 ዓ.ም. ወደ 38 በመቶ፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 37 በመቶ ዝቅ ብሏል። መሻሻሉ እንዳለ ሆኖ የኋለኛው ቅናሽ እጅግ አዝጋሚ መሆኑን አኃዙ ያሳያል። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ዕድሜያቸው ከ6 እስከ 23 ወር ከሆኑ ሕፃናት አራትና ከዚያ በላይ የምግብ ዓይነቶችን ያገኙት 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. ለማስወገድ መንግሥት በ2007 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ይህንኑ የዕድሜ ክልል ዒላማ ያደረገ ነው።

ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ የእናት ጡት ወተት ብቻ ይበቃዋል። ከስድስት ወር በኋላ ጡት መጥባቱን ሳያቋርጥ ወፈር ያለ ተጨማሪ ምግብ ሊጀምር ይገባል። በእንሰት አብቃይ አካባቢ ለሕፃናት የቡላ ገንፎ ማዘጋጀት ቀላል ቢሆንም ቡላ ከሞላ ጎደል ስታርች በመሆኑ ብቻውን ሕፃኑን አያሳድገውም። በገንፎው ላይ በደንብ ተቀቅሎ የተፈጨ ጎመን ወይም ዱባ፣ የቦሎቄ ወይም የባቄላ ዱቄት፣ ሲገኝም እንቁላልና ወተት፣ እንዲሁም ጥቂት ዘይት ወይም ቅቤ መጨመር ያስፈልጋል። ይህ በጤና ተቋማት በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሰጠውን የቫይታሚን ኤ እንክብልም ሆነ ለነፍሰ ጡሮች የሚታዘዘውን የብረትና ፎሌት እንክብል አይተካም።

ጓሮ ለቤተሰብ ጤና ያለው ዋጋ ጎልቶ የታየው ግን ቤተሰብ ከጓሮው በተለየበት ወቅት ነው። በ2010 ዓ.ም. በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ ዞኖች በተከሰተው ግጭት በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከቀያቸው ተፈናቅለዋል። በ2011 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ በጎቲቲ ተጠልለው በነበሩ ተፈናቃዮች መካከል በሕፃናት ላይ የከፋ የምግብ እጥረት ታይቶ አስቸኳይ የሕክምናና የአልሚ ምግብ ድጋፍ እስከ ማስፈለግ ደርሶ ነበር። እንሰት ለመድረስ ዓመታት የሚፈልግ በመሆኑ ጓሮውን ያጣ ቤተሰብ በአንድ ወቅት ተከላ ብቻ ወደ ቀድሞ ማዕዱ ሊመለስ አይችልም። ጎመን ግን ከተከለ በሁለት ወር ገደማ ለምግብ መድረስ ስለሚጀምር ኑሮን እንደገና ለመጀመር የመጀመሪያው የጓሮ ምግብ መሆን ይችላል።

ለመንግሥት ሠራተኛው

የዕለቱን አብዛኛውን ጊዜ በወንበር ላይ የሚያሳልፍ ሠራተኛ ለደም ግፊት፣ ለስኳርና ለልብ በሽታ ተጋላጭ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ ይመክራል። በሳምንት አምስት ቀን ለ30 ደቂቃ ፈጠን ብሎ በእግር ወደ ሥራ መሄድ ወይም ከሥራ መመለስ ይህንን ያሟላል። የደም ግፊት አብዛኛውን ጊዜ ምልክት የማያሳይ በመሆኑ ሕመም ሳይጠብቁ በጤና ጣቢያ መለካት ይገባል። በመሥሪያ ቤት የሻይ ክበቦችና በስብሰባ መስተንግዶ ላይ ከለስላሳ መጠጥና ከብስኩት ይልቅ ውሃና የወቅቱን ፍራፍሬ፣ በምሳ ሰዓትም ጎመንና ሰላጣ ማቅረብ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ እርምጃ ነው። አልኮልን መቀነስ፣ ሲጋራን መተውና በሌሊት ሰባት ሰዓት ያህል መተኛትም ከዚሁ ጋር የሚሄዱ ልማዶች ናቸው።

በ2014 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የኢትዮጵያ የምግብ አመጋገብ መመሪያ በየዕለቱ የተለያዩ የምግብ ዓይነቶችን መመገብን ዋነኛ መልእክቱ አድርጓል። መልእክቱ ወደ ቀበሌ እንዲደርስ የግብርናና የጤና መዋቅሮች ተቀናጅተው መሥራት ይኖርባቸዋል። የልማት ሠራተኛው የጎመን ዘር ወይም ችግኝ ሲያከፋፍል የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አበሳሰሉን በተግባር ብታሳይ፣ ትምህርት ቤቱም በግቢው የአትክልት መደብ ቢያለማ ሦስቱ ሥራዎች እርስ በርስ ይደጋገፋሉ።

በሪፖርት ላይ የሚሰፍረው የተከፋፈለ ችግኝ ብዛት ወይም በሄክታር የለማ መሬት ስፋት ነው። ሆኖም የሥራው ውጤት ሊለካ የሚገባው በቤት ውስጥ ባለው ማዕድ፣ በተለይም ከሁለት ዓመት በታች ባለው ሕፃን ሳህን ላይ ከቆጮና ከቡላ ሌላ ምን እንደ ተጨመረ በማየት ነው። ባንኮ ጎቲቲን በመሳሰሉ ቀበሌዎች መሬቱም፣ ተክሉም፣ የእርሻ ዕውቀቱም በአርሶ አደሩ እጅ ይገኛሉ። ከባለሙያውና ከኃላፊው የሚጠበቀው ጎመኑ በየቀኑ ከቆጮው ጎን እንዲቀርብ፣ ጥቅሙም ከውሃው ጋር እንዳይደፋ ቀጣይነት ያለው ድጋፍ ማድረግ ይሆናል።